የሁዳዴ ችሎት

ሀብትነሽ ስትቆጣ ድምፅዋ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ነገሩ የበረደ መስሎት ይዘናጋል። አቶ ምናለ የተዘናጋውም በዚህ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለውን የጮራ የባህል ማዕከል የሚያስተዳድረው የልማት ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ከተመረጠ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የሀብትነሽን ጠባይ ከየት ይወቀው? በየካቲቱ ስብሰባ ላይ፣ «አዳራሹ በሁዳዴ ባዶውን ከሚከርም ማዳበሪያ ይግባበት» አለ። እሷም ቀስ ብላ፣ «ምን አሉኝ?» አለችው። ያልሰማችው መስሎት ደገመላት።

«ማዳበሪያ ነው ያልኩት፣ እትዬ ሀብትነሽ። ለጊዜው ነው። ደግሞም ለገበሬው ነው።»

«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ሀብትነሽ ከሩቅ ታውቃታለች። በወጣትነቷ የኪነት ቡድን ተወዛዋዥ ሳለች ይለማመዱበት የነበረው ቤት ለጊዜው ተብሎ የእህል መጋዘን ሆነ። ይኸው እሷ ፀጉሯ ሸበተ፣ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ አይጥ እንጂ ሰው ጨፍሮበት አያውቅም። ጮራን የከተማው ሰው ቆርቆሮና ሚስማር፣ የገጠሩ ሰው ደግሞ ግንድና ጉልበት አዋጥቶ ሲያሠራው፣ ጭቃ ከረገጡት አንዷ እሷ ነበረች። አስተባባሪ ካደረጓት ወዲህ ዓመቱን ሙሉ በሩን ክፍት አድርጋ ኖራለች። ለእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆችን አበባየሆሽ ታስጠናለች፤ ለገና ሜዳው ላይ የገና ጨዋታ አለ፤ ጥር ሲመጣ የሠርግ ዘፈኑ ነው፤ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ጎረምሶቹን እስክስታ ስታስተምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን፣ ሰው ከደጁ መውጣት በፈራበት ጊዜ እንኳ፣ በጠራራ ፀሐይ ያገኘችውን ያህል ሰው ሰብስባ ታጫውት ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ስንል ግን ሁዳዴን ሳይጨምር ነው። በሁዳዴ ከበሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ማሲንቆው በጨርቅ ይጠቀለላል፣ በሩ ይቆለፋል። ይህን ያደረገችው ራሷ ሀብትነሽ ናት፤ ማንም አላዘዛትም። ጿሚ ሰው ናትና በሌላ መልኩ ሊሆን ይችላል ብላ አስባ አታውቅም። አቶ ምናለ የያዛት በዚሁ ነው።

«በሁዳዴ ትዘጉት የለም እንዴ? እኔ እኮ የተዘጋ ቤት ነው የጠየቅሁት።»

«ዘንድሮ አይዘጋም» አለች።

«ከበሮ ሊያስመቱ ነው?»

ተሰብሳቢው ሳቀ። ከሰውዬው ንግግር ይልቅ ሀብትነሽን ያንገበገባት ሳቁ ነው፤ ከሚስቁት ግማሾቹን ልጆቻቸውን ያስተማረችላቸው እሷ ናት። «ምን እንደምሠራ እኔ አውቃለሁ» አለች፣ ከቅድሙም ዝቅ ባለ ድምፅ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ምንም አታውቅም ነበር።

አቶ ምናለ ክፉ ሰው አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ አምና ማዳበሪያ ሜዳ ላይ አድሮ ዝናብ ሲመታው አይቶ አንጀቱ ያረረ ሰው ነው። ስለዚህ በቅንነት እንዲህ አላት፦ «ማዳበሪያው የሚመጣው በጾሙ ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። አዳራሹ ሥራ ላይ ከሆነ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ባዶ ከሆነ ግን እዚያው አራግፋለሁ።»

በማግስቱ አብረዋት የሚሠሩትን ሁለቱን ጠራቻቸው። ይታገሱ የማዕከሉ ማሲንቆ ተጫዋች ነው። ሀኒ ደግሞ የውዝዋዜ አሰልጣኝ ናት፤ ቡሬ ካምፓስ የተማረች፣ አፏ ፈጣን የሆነ ልጅ።

«ፕሮጀክተር አለን አይደል፣ እትዬ? ፊልም እናሳያቸዋለና፤ በጣም ሲምፕል ነው» አለች ሀኒ።

«ፊልም ለማየት ስልካቸው አይበቃቸውም? ከደጋው፣ ከፈረስ ቤት ድረስ ተጉዞ የሚመጣ ሰው የኔ ግድግዳ ምን ይሠራለታል?»

«እሺ፣ ታዲያ ይታገሱ ቀስ አድርጎ ማሲንቆውን ቢመታስ?»

«እኔ በሁዳዴ ማሲንቆ ብነካ እናቴ ከቤት ታስወጣኛለች» አለ ይታገሱ። አልቀለደም።

የቀረው በገና ነው። በገና የጾም ነውና ማንም አይቃወመውም። ቡሬ ውስጥ መምህር ቂርቆስ የሚባል በገና ደርዳሪ አለ ሲሉ ሰምታ፣ ሀብትነሽ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ሰውዬው ገና ወጣት ነው፤ ሲያያት ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ ነው የተቀበላት። ጉዳይዋን በትዕግሥት አዳምጦ ሲያበቃ ግን ፊቱ ላይ እምቢታው አስቀድሞ ታየ።

«እናቴ፣ አይቀየሙኝ። እኔ በገና የምይዘው ለጸሎት ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ለጭብጨባ ይሆናል።»

«እንዳያጨበጭቡ እነግራቸዋለሁ።»

«እጃቸውን ይከለክሏቸዋል። ልባቸውንስ?»

ሌላ ሰው መልስ ሲያጣ ያፍር ይሆናል፤ ሀብትነሽ ግን ይበልጥ ትበግናለች። ልጁ ትክክል መሆኑ ደግሞ ንዴቷን አባሰው። እየበገነች መናኸሪያ ደረሰች።

መናኸሪያው በር ላይ አንድ ባጃጅ የአንድ ገበሬ የሽንኩርት ቅርጫት ላይ ወጥቷል። ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፤ ገበሬውና ሹፌሩ ፊት ለፊት ቆመው ይሟገታሉ፤ ሰው ዙሪያቸውን ከቧቸዋል። የሚገርመው፣ ማንም ሊያገላግላቸው አልገባም። ያዳምጣሉ። ገበሬው የሚጥም ነገር ሲናገር «አዎ፣ በልለት» ይላሉ፤ ሹፌሩ ሲመልስ «ይህም አለ ለካ» ይላሉ። አንድ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ማንም ሳይሾማቸው ዳኛ ሆነው፣ «ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ» እያሉ በጃንጥላቸው ጫፍ ያዝዛሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተራቸውን እንዳቀፉ ቆመዋል። የሚኒባሱ ረዳት «ፍኖተ ሰላም የቀረ» እያለ ሲጮህ ቆይቶ ሀብትነሽን ጥሏት ሄደ። እሷ ደግሞ ለማን እንደሚፈረድ ሳታይ የት ትሄዳለች?

ለገበሬው ተፈረደለት። ሹፌሩ እያጉረመረመ ተንበርክኮ ሽንኩርት ሲለቅም፣ ሰውም ደስ ብሎት ሲበተን፣ ሀብትነሽ ብቻዋን ሳቀች። የጎጃም ሰው በሁዳዴ ሥጋ ይጾማል፣ ወተት ይጾማል፣ ዘፈን ይጾማል። ሙግት ግን ጾሞ አያውቅም።

አባ ይሄይስ የፈረስ ቤት ደጋ ገበሬ ናቸው። በሽምግልና ስማቸው የታወቀ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ይወርዳሉ። በአባቶቻቸው ዘመን ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው፣ ከዘራ እየወዘወዙና እግራቸውን እየመቱ፣ በግጥም እየተመላለሱ የሚከራከሩበት በልሃ ልበልሃ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ እሳቸው በልጅነታቸው አባታቸው እንዲህ ሲሟገቱ አይተዋል። ሀብትነሽ እህል ተራ አግኝታቸው፣ በጾሙ ሁለተኛ ቅዳሜ ጮራ መጥተው ዳኛ ሆነው እንዲቀመጡላት ለመነቻቸው።

«ጨዋታ ነው ችሎት?» አሉ አባ ይሄይስ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው፣ አባ?»

«ጨዋታ ተሆነ ልጆች ይጫወቱት። ችሎት ተሆነ እመጣለሁ። ግን እኔ ተቀምጬ የፈረድሁት ፍርድ ነው። ኋላ ቀልድ ነበር ብላችሁ እንዳታሳፍሩኝ።»

«ችሎት ነው» አለች ሀብትነሽ፤ ደስታ አቻኩሏት ቃሉ ምን እንደሚያስከትል አላመዛዘነችም።

ያንን ሳምንት ልምምድ ነበር። ይታገሱና የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ፀጋው ለማሟሟቂያ የሚሆን የተፈጠረ ጉዳይ ይዘው ሲከራከሩ፣ ሀብትነሽ መሐላቸው ቆማ እግር አመታቱን ታሳያቸዋለች። ሀኒ ግጥሙን ስልኳ ላይ ልጻፍላችሁ ብትል ሀብትነሽ አልፈቀደችም፤ ተሟጋች የሚያነብ ከሆነ ማን ይሰማዋል አለች። ይታገሱ አንዴ እግሩን ከመታ በኋላ ቆም ብሎ፣ «እትዬ፣ ይህ ጭፈራ አይደለም ወይ? ጾም ነው እኮ» አላት።

«የተናደደ ሰው እግሩን አይመታም? ተናደድ፣ ያን ጊዜ ጭፈራ አይሆንም» አለችው። እሷ ከስብሰባው ቀን ጀምሮ እየተናደደች ስለነበር እንዴት እንደሚሆን አሳምራ ታሳየው ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። የጧቱ ቅዳሴ አልቆ ገበያው ሲደምቅ፣ ሀኒ ድምፅ ማጉያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሙግት ያለው ይምጣ፣ የሌለው ይስማ» እያለች ተጣራች። ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገም። ገበሬው አህያውን አጥሩ ላይ አሥሮ ገባ። መምህራን ገቡ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ገቡ፣ በርበሬ ሻጮቹ ዕቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ገቡ። ወንበር ሲያልቅ ሰው መሬት ተቀመጠ፤ መሬቱም ሲያልቅ መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። አባ ይሄይስ መድረኩ ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲቀመጡ አዳራሹ ፀጥ አለ።

ይታገሱ ጭዱ የተበላበት ከሳሽ ነው፤ ፀጋው የበላው በሬ ጌታ። አባ ይሄይስ ሥርዓቱን አስያዟቸው። መጀመሪያ የከሳሽ ነጠላ ከተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ተቋጠረ። ቁራኛ ማለት ይህ ነው፤ ክርክሩ ሳያልቅ ማንም ጥሎ እንዳይሄድ። ቀጥሎ ቢረቱ የሚከፍሉትን ተወራረዱ፤ አንዱ «እሰጥ» ሲል ሌላው «አገባ» ይላል። ይታገሱ አንድ ማሰሮ ማር አስያዘ፤ ማሩ የት እንዳለ የጠየቀው የለም። ከዚያ ከዘራውን አነሣ።

«ጭዴን ለክፉ ቀን ከምሬ በደጄ፣
በሬህ ሲያመነዥክ ያዝኩት በገዛ እጄ።»

«ይበል» አለ ሰው። ፀጋው እግሩን መታና መለሰ።

«አጥርህን አላልተህ በርህንም ከፍተህ፣
በሬ ትከሳለህ ራስህ ጋብዘህ ጠርተህ?»

ሳቁ ገበያው ድረስ ተሰማ። ሀብትነሽ ከመድረኩ ጎን ቆማ ሰዉን ትቃኛለች። ከበሮ የለም፣ ማሲንቆ የለም፣ ቤቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። በየካቲቱ ስብሰባ የሳቁባት ሰዎች እንኳ ከፊት ተቀምጠው ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ።

የመኪና ጥሩምባ የተሰማው ይኼኔ ነው። ግቢው በር ላይ የጭነት መኪኖች ቆመዋል። አቶ ምናለ በሰው መሐል እየተሽሎከለከ ገባና፣ «ይቅርታ፣ ጨዋታውን አሳጥሩልን። መኪኖቹ ዛሬውኑ አራግፈው መመለስ አለባቸው» አለ።

«አዳራሹ ሥራ ላይ ከሆነ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን ብለውኝ ነበር» አለች ሀብትነሽ።

«ፈለግሁ፣ አጣሁ። ደግሞስ የበሬ ጭድ ሥራ ነው እንዴ?» አለና ወደ ትልቁ የጎን በር አመራ፤ ማኅበሩ ዘንድ የሚቀመጠውን የዚያን በር ቁልፍ ከኪሱ እያወጣ።

ሀብትነሽ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በሕግ አምላክ» አለች።

የሰውዬው እግር ቆመ። በሕግ አምላክ ተብሎ ጥሎ የሚሄድ ሰው በዚህ አገር ሰው አይባልም፤ ምናለም ምንም ቢማር የዚሁ አገር ልጅ ነው። ገበሬዎቹ ሁሉ ዞረው ያዩታል። ሀብትነሽ ወደ እሱ ሄዳ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። እሱ የለበሰው ኮት ነው። አንድ ገበሬ ጋቢውን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? ነጠላዋን ከጋቢው አጥብቃ ቋጠረችው።

«ሴት ቆማ ትሟገት ዘንድ ሥርዓት አለ ወይ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«የተበደለ ይቆማል። አንተ ተቀመጥ» አሉት አባ ይሄይስ። ወደ ሀብትነሽ ዞረውም፣ «በይ፣ ምን ታስይዣለሽ?» አሏት።

እዚህ ላይ ነው ሀብትነሽ የተሳሳተችው። ማር ብትል፣ በግ ብትል ይበቃ ነበር። ንዴቷ ግን ቀደማት። «ከተረታሁ ከጮራ እወጣለሁ። ቁልፉን አስረክቤ ሁለተኛ በዚህ ደጅ አላልፍም። እሰጥ» አለች።

ሀኒ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ምናለ ራሱ ደነገጠ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቀም። ግን የተቋጠረ ሰው ነውና፣ «አገባ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ከተረታሁ ማዳበሪያውን ይዤ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም አዳራሹን አልጠይቅም።»

ሀብትነሽ የይታገሱን ከዘራ ተቀብላ እግሯን መታች።

«ከበሮ ቢሰቀል ሁዳዴ ነው ተብሎ፣
አዳራሽ ይሞታል ወይ አብሮ ተሰቅሎ?
ሕዝብ ያቆመውን ቤት ሚስማሩን አዋጥቶ፣
ማን ለጆንያ ሰጠው ባለቤቱን ትቶ?»

«ይበል፣ ይበል» አለ ሰው፤ መስኮት ላይ ያሉት ያፏጫሉ። አቶ ምናለ ሰው እስኪረጋ ጠበቀ። ለመናገር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲል ሀብትነሽም ተጎትታ አንድ እርምጃ ሄደች።

«እኔ ግጥም አልችልም» አለ። «ያየሁትን ልናገር። አምና መጋቢት ላይ ዝናብ ሲጥል ማዳበሪያችሁ ሸራ ሥር ነበር። ሸራው ቀዳዳ ነበር። ጆንያውን ስትፈቱ ምን አገኛችሁ? ድንጋይ። በመዶሻ እየፈለጣችሁ አልነበር ወይ የዘራችሁት? ከልጆቻችሁ አፍ ቀንሳችሁ የገዛችሁት ነው። እትዬ ሀብትነሽ የሚሉት ሁሉ ደስ ይላል፤ እኔም ቅድም ስቄያለሁ። ግን ደጅ የቆመው ማዳበሪያ የናንተ ነው፣ ሰማዩም ደመና ይዟል።»

ሁለት ሦስት ሰዎች በመስኮት ወደ ሰማይ አዩ። «እውነቱን ነው» አለ አንድ ገበሬ፤ ሌላውም፣ «እውነቱን ነው፣ እኔ ግማሹን ነው የጣልሁት» አለ። ለሀብትነሽ ግንድ ተሸክመው ያመጡላት እነዚሁ ናቸው። ተከዳሁ እንዳትል እነሱም እውነት አላቸው። ይባስ ብሎ ዳኛዋም ገበሬ ናቸው። ማዳበሪያ የሚጠብቅ ሰው ከደጋ አስመጥታ በማዳበሪያ ጉዳይ ላይ ዳኛ ያስቀመጠችው ማን ሆነና? ራሷ ናት። እንዲህ ያለ ቂልነት ሌላ ሰው ቢሠራ ለወር ትስቅበት ነበር።

አባ ይሄይስ ብዙ አላሰቡም። «አንቺ መልካም ተናግረሻል፣ ልጄ» አሉ። «እሱ ያሳየን ግን በዓይናችን ያየነውን ነው። ዝናብ ተመጣ የሚመልሰው የለም። አዳራሹ ይከፈትለት። ረትቶሻል።»

ማንም አላጨበጨበም። የረታው ምናለ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። አንዲት በርበሬ ሻጭ «ውይ ሀብቴን» አለች፤ በርኅራኄ ነው የተናገረችው፣ ሀብትነሽን ግን እንደ ስድብ አመማት። እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። የእሷ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ አለ። ቃል ሰጥታለች፤ ችሎት ነው ያለችውም እሷ ናት። ሰዉ ቋጠሮውን እስክትፈታ ይጠብቃል። እጇ ወደ ቋጠሮው ሄደና እዚያው ቀረ። ደጅ ላይ ሹፌሩ የመኪናውን የኋላ በር ሲከፍት ይሰማታል። አንድ ጆንያ እዚህ ወለል ላይ ከተጣለ ዕድሜዋን በሙሉ እንደማይነሣ አወቀች። ችሎት ከተባለ፣ አለች በልቧ፣ ችሎት እኮ በአንድ ቀን አያልቅም።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ፍርድዎን አልቀበልም» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም።

«ምን ማለትሽ ነው፣ ልጄ?»

«ይግባኝ ነው የምለው። ጨዋታ ተሆነ አልመጣም ብለውኝ ነበር። ይህ ችሎት ከሆነ ይግባኝ አለው። ከሌለው ግን ጨዋታ ነበርና ፍርዱም ቀልድ ነው።»

«ተኔ በላይ እዚህ ማን አለና ነው ይግባኝ የምትይው?»

«ዛሬ የለም። በሚመጣው ቅዳሜ ይኖራል። ሌላ ዳኛ እርስዎ ከተቀመጡበት ይቀመጣል፤ እኔም እዚሁ እቆማለሁ።»

አባ ይሄይስ በብትራቸው ወለሉን መቱ። ጺማቸው እስኪንቀጠቀጥ ተቆጥተዋል። በሽምግልና ዘመናቸው ፍርዳቸውን በፊታቸው የመለሰባቸው ሰው የለም፤ ሴት ደግሞ ጭራሽ። ግን የሥርዓት ሰው ናቸው፤ ሥርዓቱን ለራሳቸው ሲሉ አያጣምሙም።

«አላት» አሉ በመጨረሻ፣ ቃሉ ከአፋቸው እየተጎተተ። «ይግባኝ አላት። ይግባኝ ተተባለ ፍርዱ አይፈጸምም። አዳራሹም አይከፈትም፣ እሷም አትወጣም።»

«አባ፣ መኪኖቹስ?» አለ አቶ ምናለ። «ዝናቡስ?»

«ማዳበሪያውማ ሜዳ አያድርም። ክርክሩ እስቲያልቅ ያመጣው ሰው በራሱ ጣራ ሥር ያቆየው። ጣራ የለህም?»

የማኅበሩ ቢሮ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው። የሊቀ መንበሩ ክፍል አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ሰፊ የስብሰባ ክፍል አለ፤ ጣራቸው ደኅና ነው። አቶ ምናለ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይህ ትዝ አላለውም፤ ገበሬዎቹ ግን ወዲያው ታያቸው። ጠረጴዛው ወጣ፣ ባለ ጎማው ወንበር ወጣ፣ ጆንያው በትከሻ በትከሻ ገባ። አምና ድንጋይ የፈለጠ ሰው ለዚህ ሥራ የሚያዝዘው አያስፈልገውም። አቶ ምናለ ከሀብትነሽ ጋር እንደተቋጠረ በመስኮት ሲያይ ቆየ።

«እኔስ የት ልቀመጥ?» አለ።

«አዳራሹ ሰፊ ነው» አለችው።

ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ወዲያው ደግሞ ኮስተር ብሎ፣ «በሚመጣው ቅዳሜም እረታዎታለሁ፣ እትዬ። ሌላ ዳኛ ቢቀመጥም እውነቱ ያው ነው» አለ።

«እርታኝ» አለች ሀብትነሽ፣ አንቱታውን ትታ። «ይግባኝ እላለሁ። ሁዳዴን በሙሉ እርታኝ፣ ሁዳዴን በሙሉ ይግባኝ እላለሁ። ማዳበሪያው ማሳ ገብቶ፣ አዝመራው ታጭዶ እስኪያልቅ እርታኝ። ይህ ቤት ሰው ሞልቶት እስካየሁ ድረስ በየሳምንቱ ብረታ ምን ገዶኝ?»

አቶ ምናለ ወደ መድረኩ ዞረ። ጆንያ ሲሸከሙ የነበሩት እጃቸውን እያራገፉ ተመልሰው ቦታቸውን ይይዛሉ። ከበሩ በኩል ሁለት ሽማግሌ ጎረቤታሞች እየተጋፉ ወደ ፊት መጡ። ስለ ድንበር ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ የቆዩ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አላለማመዳቸውም። ጋቢያቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ አባ ይሄይስ ፊት ቆሙ።